ባዶ እጁን የማይመጣ ጎርፍ

የሺ ክረምት በመጣ ቁጥር የምትረግመው ጎርፉን ሳይሆን የጎርፉን ባለቤት ነበር። ባለቤቱ ግን በቀላሉ የሚረገሙ ሰው አልነበሩም። ጓድ ፀሐዬ የቀበሌው ሊቀመንበር ናቸው። ከየሺ ቤት በላይ፣ ከአንድ መኳንንት በተወረሰ ቪላ ውስጥ ይኖራሉ። ግቢያቸው ከበረንዳው እስከ ታችኛው አጥር ቁልቁል የወረደ ስለሆነ፣ ዝናብ ሲጥል ውሃው በቆርቆሮው አጥር ሥር ሾልኮ የሺ ደጃፍ ላይ ይዘረገፋል። አቤት ስትል «በስብሰባ ይነሳል» ይሏታል። በስብሰባ ሲነሳ ደግሞ «የግል ጥያቄ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ባሏ ስብሐት፣ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ፣ ያለው ምክር አንድ ብቻ ነበር፦ «ዝም በይ።»

ሰው አበባ ሲተክል የሺ ድንጋይ ትለቅማለች። ወንዝ ወርዳ ነጩን፣ ግራጫውን፣ እንደ እንቁላል የለሰለሰውን በዘንቢል ይዛ ትመለሳለች። የመጀመሪያውን ዓመት በሯ ላይ አንጥፋው ጎርፍ ጠራርጎ ለታች ሰፈር አስረከበባት። ድቡልቡል ድንጋይ እንደሚያምር እንጂ እንደማይቀመጥ ያን ጊዜ ገባት። ቁልቁለት ላይ የሚቀመጠው ተፈልጦ ጥርስ ያወጣው ጠጠር ነው፤ አንዱ አንዱን ነክሶ ይይዛል። ከዚያ ወዲህ የወንዙን ድንጋይ መልሳ አንጥፋ፣ ግቢዋን ከታች በኩል በጥቁር ድንጋይ ከፍ አድርጋ ጠርዝ ሠራችለት። ከላይ የመጣ ነገር ሁሉ እዚያው ይቀራል፤ እስካሁን የመጣው ግን ጭቃ ብቻ ነበር።

በ1976 ሚያዝያ፣ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል መንገድ ዳር ያለ ግቢ ሁሉ ይዋብ የሚል ትእዛዝ ወረደ። ጓድ ፀሐዬ ከሁሉ መቅደም ፈለጉና የሺን አስጠሯት።

«የሺ፣ የድንጋይ ነገር ታውቂያለሽ አሉ። ግቢዬን ጠጠር ላለብሰው ነው። የቱ ያምራል?»

የሺ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ቁልቁለቱን አየች፤ አጥሩን አየች፤ ከአጥሩ ሥር ያለውን ክፍተት አየች።

«ለማማሩ የወንዝ ድንጋይን የሚያክል የለም» አለች። «ትንንሹ፣ ድቡልቡሉ።»

«ከካባ የሚፈለጠው ጠጠርስ?»

«እሱማ መንገድ ሥራ ያስመስላል። የእንግዳ ጫማም ይቧጭራል።»

«ዳር ዳሩን ጠርዝ ላብጅለት ይሆን?»

«ድንጋይ ታጥሮ ሲያዩት እስረኛ ይመስላል።»

ጓድ ፀሐዬ «እስረኛ» የሚለውን ቃል አልወደዱትም። ጠርዙ ቀረ።

ይህንን እራት ላይ ስታወራለት የስብሐት ጉርሻ እጁ ላይ ቀረ።

«አንቺ ሴት፣ ልታስበይን ነው?»

«ጎርፉ መምጣቱ ካልቀረ ባዶ እጁን ለምን ይመጣል?»

በእሑዱ ዘመቻ ነዋሪው ሁሉ ድንጋይ ለመልቀም ወንዝ ወረደ። ሌላው ያገኘውን በጆንያ እያጋበሰ ቶሎ ቤቱ ለመግባት ይቻኮላል። የሺ ግን አንድ አንዷን እያገላበጠች፣ በውሃ እያጠበች፣ ቆንጆ ቆንጆውን ብቻ ትመርጣለች። «ይቺ ለመግቢያው፤ ይቺ ለቧንቧው ሥር» ትላለች በልቧ፤ የምታስበው የማንን መግቢያና የማንን ቧንቧ እንደሆነ ስብሐት ብቻ ያውቅ ነበርና ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም። ጓድ ፀሐዬ ሕዝቡ ፊት ቆመው «በጓዲት የሺ ትጋት እንኮራለን» አሉ። አንገቷን ደፋች።

ግቢው እውነትም አማረ። ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ድረስ ሰዎች መጥተው አደነቁት፤ ፎቶም ተነሱበት።

ሰኔ ገባ። አንድ ከሰዓት በኋላ እንጦጦ ጠቆረና በረዶ የተቀላቀለበት ዶፍ ወረደ። የሺ ወንበሯን መስኮቱ ሥር አስጠግታ ተቀመጠች። መጀመሪያ በአጥሩ ሥር ውሃ ብቻ መጣ። ቀጥሎ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ሰማች። ከዚያ ድንጋዮቹ ተራ በተራ እየተንከባለሉ ገቡ፤ አንዳንዶቹን በመልካቸው አወቀቻቸው። ስብሐት ከሥራ ሲመለስ ግቢው ነጭ ሆኖ ጠበቀው። በጥንቃቄ እየረገጠ ቤቱ ገባ።

በማግስቱ ጓድ ፀሐዬ ሁለት አብዮት ጥበቃዎች አስከትለው መጡ። የሺ ጠመንጃዎቹን ስታይ ነው ቀልዱ ከአፏ የጠፋው።

«ይህ የእኔ ድንጋይ ነው» አሉ።

«ይውሰዱት እንጂ፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለች። «ብቻ ይለዩልኝ፤ ከሥሩ ያለው የእኔውም የወንዝ ድንጋይ ነው።»

ጥበቃዎቹ ጠመንጃቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው እስከ ምሳ ሰዓት ሲለቅሙ ዋሉ። አንደኛው ፊቱን አዙሮ ይስቅ ነበር። ድንጋዩ በጆንያ ወደ ላይ ተመለሰ። በቀጣዩ ዝናብ ደግሞ በእግሩ ተመልሶ መጣ።

በዚህኛው ጊዜ ጓድ ፀሐዬ ብቻቸውን፣ ጃንጥላ ይዘው መጡ።

«የሺ፣ ድቡልቡል ድንጋይ እንደሚንከባለል ታውቂ ነበር?»

መዋሸት አማራት፤ ግን ዓይናቸው ዓይኗ ላይ ነበር።

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«የቱ ያምራል አሉኝ እንጂ የቱ ይቀመጣል አላሉኝም።»

ውሃው በመካከላቸው እየተንቆረቆረ ያልፋል። የጓድ ፀሐዬ ከንፈር ጫፍ ትንሽ ተነቃነቀች።

«እሺ። የቱ ይቀመጣል?»

ያን ጊዜ ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ከላይ በኩል ቦይ ይቆፈርና ውሃው ወደ መንገዱ ዳር ይውረድ። ዳር ዳሩ በጥቁር ድንጋይ ይያዝ። ላዩ የካባ ጠጠር ይልበስ። እንዳለችው ተሠራ፤ ቦዩም ውሃውን ይዞ ሄደ። የዚያን ክረምት የሺ ደጃፏን ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቅ አየችው። ስለ ወንዙ ድንጋይም መልሺ ያላት የለም። ለጥቂት ቀን ሰፈሩ ውስጥ እንደ ሙሽራ ተራመደች።

በጠቅላላ ስብሰባው ላይ ግን ጓድ ፀሐዬ ፊታቸውን አኮሳትረው ተነሱ። «ጓዲት የሺ ስለ ድንጋይ ያላት ዕውቀት ለአንድ ግቢ ብቻ መዋል የለበትም። የቀበሌው ማስዋብ ኮሚቴ ሰብሳቢ እንድትሆን እጅ እንድታወጡ።» ከሁሉ ቀድሞ የወጣው የስብሐት እጅ ነበር።

እሑድ እሑድ ስብሐት ደረቁ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ፣ የሺ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት፣ በክሊኒኩና በኅብረት ሱቁ ፊት ጎንበስ ቀና ስትል ክረምቱ አለቀ። መስከረም ሊጠባ ሲል ጓድ ፀሐዬ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አጠገቧ ቆሙ።

«ይሄኛውስ ይቀመጣል?»

የሺ ወገቧን ይዛ በመከራ ቀና አለች።

«እሱስ ይቀመጣል፣ ጓድ ሊቀመንበር። መቀመጥ ያቃተኝ እኔ ነኝ።»

ጓድ ፀሐዬ ሳቁ። ከዚያም የትምህርት ቤቱን አጥር በጣታቸው አሳዩዋት።