ስድስቱ የብር ማንኪያዎች

በሽታዬን ከባሌ አስበልጬ አውቀዋለሁ፤ ዘጠኝ ዓመት አብረን ኖረናል። የገዛ ሰውነቴ የበሽታ መከላከያ ትልቁን አንጀቴን እንደ ጠላት ያቆስለዋል፤ እኔም መከላከያዬን የሚያደክም መድኃኒት በየቀኑ እውጣለሁ። ሲያገረሽብኝ ሁሌም ደም አለው። አንድ ጊዜ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደ ውኃ ሲያስቀምጠኝ ደም የሚባል አላየሁም።

"አገርሽቶብሻል ኔቬንካ፤ ስቴሮይድ እንጨምራለን" አለኝ ዶክተር ቡዲሚር፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል።

"አልወስድም! መጀመሪያ ሰገራዬ ይመርመር። ቫይረስ ቢሆንስ? በስቴሮይድ የቀረችኝን መከላከያ ጨርሰው ሊገድሏት ነው?"

"ቤታችሁ ሌላ የታመመ ሰው ነበር?"

ደግፋኝ የመጣችውን አማቴን ስታኒያን አየኋት። ቦርሳዋን እቅፍ አድርጋ "ማንም" አለች።

ሁሉ የጀመረው ቤታችን በየዓመቱ ደግሶ በሚዘክረው ቅዱስ፣ በኒኮላ ዕለት ነው። እንግዳ ሁሉ እያማተበ፣ በለውዝና በስኳር ከተዘጋጀው ቅቅል ስንዴ አንድ አንድ ማንኪያ ይቀምሳል። ስታኒያ ከእናቷ የወረሰቻቸው ስድስት የብር ማንኪያዎች አሏት፤ አንዱ የላሰውን ማንኪያ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ነከር አድርጋ ለሌላው ትሰጣለች። የራሴን ማንኪያ ስጠይቅ በሰው ፊት "ቅዱሱን ተጸየፍሽ?" አለችኝ። አፍሬ በላሁ። እስካሁን በራሴ እናደዳለሁ።

"ካልተመረመርኩ ከዚህ ወንበር አልነሣም" አልኩ።

"ሌላ በሽተኛ እየጠበቀ ነው እኮ!"

ይሄኔ ስታኒያ ብድግ አለች። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቀው ጎረቤት ሁሉ ይሰማል።

"አሥራ አንድ ሰው!" ብላ ጮኸች። "ከማዕዴ ተነሥቶ አሥራ አንድ ሰው አስመልሶታል፣ አስቀምጦታል! ሲደውሉልኝ አረቄ አብዝታችሁ ነው አልኳቸው። የስታኒያ ድግስ ሰው አሳመመ ከምባል ብሞት ይሻለኛል ብዬ ነው። እሷ ትሙት ግን አላልኩም! ሁሉም በሁለት ቀን ተነሡ፤ እሷ ይኸው። መርምራት!"

ዶክተሩ ማዘዣውን ቀዶ ሌላ ጻፈ።

ውጤቱ ኖሮቫይረስ የሚባል፣ በጋራ ማንኪያ ሳይቀር የሚተላለፍ የሆድ ቫይረስ ሆነ። ስቴሮይዱ ቀረ፤ መከላከያዬ ነፍስ እንዲዘራ የቀድሞው መድኃኒቴም ተቀነሰልኝ። ከወር በኋላ በእግሬ ገበያ ወጣሁ።

በዓመቱ በኒኮላ ዕለት ስታኒያ ሠላሳ ማንኪያ ደረደረች፤ ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ። ጎረቤታችን ራዶሚር ሳቀባት፦

"ምነው ስታኒያ፣ ቅዱሱን ተጸየፍሽ?"

"ቅዱሱን አይደለም" አለችው፣ የመጀመሪያውን ማንኪያ ለኔ እያቀበለች። "ያንተን አፍ ነው።"