በወይራ የታጠነው በርሚል

አበቡ ለቢራ ትጸልያለች ቢባል ማን ያምናል? በሴቻ ሰፈር የእናቶችን ጸሎት የምትመራው፣ ጌታን ከተቀበለች ወዲህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚያሰክር ነገር ከንፈሯን ነክቶ የማያውቅ ሴት፣ ያን ቅዳሜ ጠዋት ጓሮዋ ቆማ «ጌታ ሆይ፣ ቢራውን ባርክልኝ» ስትል ራሷን ሰማች። አፈረች፤ ግን ጸሎቷን አላቋረጠችም።

ልጇ አሮን በምግብ ምህንድስና ተመርቆ ሁለት ዓመት ሥራ ፈለገ። ሲያጣ ፈቃድ አወጣና በጓሮዋ ክፍል ቢራ መጥመቅ ጀመረ። ከአዲስ አበባ የሚያስመጣው ሆፕ የሚሉት የፈረንጅ ጌሾ አለ፤ ማንጎ ሳይገባበት ቢራው ማንጎ ማንጎ እንዲሸት ያደርገዋል። መልኩ ደግሞ ድፍርስ ነው። አበቡ መጀመሪያ ስታየው አተላው ያልጠለለ መስሏት ነበር። አሮን ሄዚ አይፒኤ የሚባለው የቢራ ዓይነት እንዲህ እንደሆነ፣ ድፍርስነቱ ውበቱ እንደሆነ ነገራት። አላመነችም።

የመጀመሪያው ጥንስስ ኮመጠጠ። ሐይቁን ቁልቁል የሚያየው ሆቴል የመጠጥ ኃላፊ ቴዎ፣ ሁለተኛውን አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚቀምስለት፣ ከወደደው በየሳምንቱ እንደሚወስድ ቃል ገባ። አሮንም ለእናቱ አልደበቃትም፤ ይሄኛውም ካልሆነ ሐሙስ ከኤርጫፎ ጋር በሞያሌ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይሄዳል። ኤርጫፎ ደላላ ነው። የእህቷን ልጅ የወሰደውም እሱ ነው። ልጁ ከታንዛኒያ አንድ ጊዜ ደወለ፤ ይኸው አራት ዓመት ሞላው፣ እህቷ ስልኳን ታቅፋ ትተኛለች። አበቡ ይህን ሁሉ ስታስብ እህል አልወርድ ብሏት ከርሟል።

አንድ ነገር ደግሞ ለማንም አልተናገረችም።

አሮን ሁለተኛውን ከመጥመቁ በፊት የብረት በርሚሉን እንድታጥብለት አደራ ብሏት ወደ ከተማ ወርዶ ነበር። አጠበችው፤ ሦስቴ አጠበችው። ግን ልቧ አላረፈም። ደጋው ገረሴ ያደገችበት ቤት ትዝ አላት፤ እናቷ ፋርሶ የሚሉትን የአገሩን ጠላ ልትጠምቅ ስትል ገንቦውን በወይራ ጭስ ሳታጥን አትጀምርም ነበር፤ ያልታጠነ ዕቃ ይኮመጥጣል ትላለች። ታዲያ የፊተኛው የኮመጠጠው ለዚህ አይደል? የተማረ ልጅ ይሄን ከየት ያውቃል? ወይራ አጫጭሳ በርሚሉን ደፋችበት። ጭሱ ሲበርድ አንስታ ቦታው መለሰችው፤ አሮንም ሳያውቅ ሁለተኛውን ጠመቀበት።

ያን ቅዳሜ ቴዎ ሊቀምስ መጣ። አሮን ቀዳለት። ብርጭቆው ውስጥ ያለው እንደ ማንጎ ጭማቂ ቢጫ፣ ድፍን ያለ ነበር፤ አረፋው ነጭ። ቴዎ ለብርሃን አነሳው፣ መልኩን አመሰገነ፣ አሸተተና ቆም አለ። ከዚያ ጎንጨት አደረገ።

«አሮኔ፣ ቢራ ጠምቀህ ነው ወይስ ሥጋ ጠብሰህ?»

አሮን ሳቀ። ቀምሶ ሳቁ ጠፋ። ደግሞ ቀመሰ። ብቅሉ አላረረም፣ ድስቱም አልያዘም፣ ሽታው ከየት እንደመጣ አያውቅም፤ ለቴዎ ይህንኑ ነገረው።

«መጥፎ ቢራ ብዙ ጊዜ ያጋጥመኛል» አለ ቴዎ ብርጭቆውን እያስቀመጠ። «በምን እንደተበላሸ የማያውቅ ሰው ግን፣ ነገ ምን እንደሚያመጣልኝ በምን አውቃለሁ?»

በሩን ተደግፋ ስታዳምጥ የቆየችው አበቡ ገባች። የልጇን ብርጭቆ ከእጁ ወሰደች። አሮን ሊከለክላት ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ እሷ ግን ጠጣች። መጀመሪያ ማንጎ መሰላት፤ ቀጥሎ ምሬቱ ምላሷን ያዘው፤ በመጨረሻ ጭሱ ከጉሮሮዋ ወጣ። ወይራ። የገዛ እጇ ሥራ።

«እኔ ነኝ» አለች። «በርሚሉን አጠንኩት።»

«እማዬ፣ እጠቢልኝ ብቻ ነው ያልኩሽ።»

«እንዳይኮመጥጥብህ ፈርቼ ነው፣ ልጄ። እንዳትሄድብኝ።»

ቴዎ አልሳቀም። ይህንን መውሰድ እንደማይችል፣ እንግዶቹ ጭስ ፍለጋ እንደማይመጡ ነገራቸው። ምክንያቱ ከታወቀ ግን በሦስት ሳምንት ሌላ ቢጠመቅ ይቀምሳል፤ ከዚያ በኋላ ግን በቃ። ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ «ማዘር፣ እርስዎ ግን ከበርሚሉ ራቅ ይበሉልን» አለ። ቀልድ ነበር፤ እሷን ግን ልቧ ላይ ወጋት።

አሮን አልጮኸባትም። ቢጮህባት በወደደች። ስልኩን ይዞ ወደ ጓሮው ወጣ። እሷ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ አዳመጠች።

«ኤርጫፎ፣ ለሐሙስ አልደርስም» ሲል ሰማችው። «ተመስገን» አለች በልቧ። ከወዲያ ያለው ሰው ብዙ አወራ። «አይ፣ አልተውኩትም» አለ አሮን። «ሦስት ሳምንት ቦታዬን ያዝልኝ።»

ተመልሶ ገባና ፊቷን ሳያይ በርሚሉን መፍታት ጀመረ። በልማዷ ብሩሹን ልታነሳ እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው። ምን ልርዳህ ለማለት እንኳ ፈራች። ወጥታ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ውስጥ ቧንቧው ተከፈተ፤ ውሃው ብረቱን ይመታ ጀመር። የውሃው ድምፅ እስካለ ድረስ ልጇ እዚያው አለ። ጆሮዋን ወደዚያው አድርጋ፣ እንዳያቋርጥ ትጸልይ ነበር።