ያልጠረግሁት ቅቤ

ከአምስታችን መካከል የፍሬንን ነገር የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ማንም እንዳያዝንልኝ ነው። በደብረ ብርሃን ብስክሌት ጠጋኙ ኃይለ ገብርኤል እኔ ነኝ፤ ሌሎቹ መንዳት እንጂ መፍታት አያውቁም።

በ1955 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ መምህር ወልደተንሣኤ አራታችንን አሳምነውን በብስክሌት እስከ ደሴ ልንሄድ ተነሣን። የአራት ቀን መንገድ ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ማደሪያችን ደብረ ሲና ነበር። ከሁላችን ይበልጥ የጓጓው ገብረአብ ነው፤ የእማማ ባፈና አንድ ልጅ። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ የበግ ጠጉር እየፈተሉ ነው ያሳደጉት፤ ብስክሌቱም የመጣው ከዚያው ከእንዝርታቸው ነው።

በዋዜማው ብስክሌቶቹን በእሳቸው ግቢ ሰብስቤ ካቴናቸውን በግራሶ ሳሽ እማማ ባፈና አጠገቤ ቁጭ ብለው ይፈትሉ ነበር። ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። ብረት ቅባት ካላገኘ ይታመማል አልኳቸው። ለማሳቅ ያህል ነበር፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሜዳው በውርጭ ነጥቷል። መንገደኛ ልጅን አናቱን ቅቤ መቀባት የእናት ወግ ነው፤ የገብረአብም ፀጉር በቅቤ ርሷል። እማማ ባፈና ግን በዚያ አላበቁም። የብስክሌቱን የፊትና የኋላ ቸርኬ፣ ጎማ የሚለብሰውን የሚያብረቀርቅ ብረት ሁሉ፣ ዙሪያውን በለጋ ቅቤ ቀብተውታል።

“እኔም የአቅሜን አደረግሁ፤ ብረቱ እንዳይታመምብኝ” አሉኝ።

የፍሬኑ ጎማ የሚነክሰው ያንኑ ቸርኬ ነው። ቅባት የነካውን ቸርኬ ፍሬን አይዘውም። ጨርቁ ኪሴ ውስጥ ነበር። ነገር ግን እናት የቀባችውን እናቲቱ ቆማ እያየች፣ ጎረቤት ሁሉ እየመረቀ፣ በእድፋም ጨርቅ መጥረግ አልሆነልኝም። ከከተማ ስንወጣ አደርገዋለሁ አልኩ።

ከከተማ ስንወጣ ግን ማን ይቁም? ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ገብረአብ “በጥቅምት አንድ አጥንት” እያለ እናቱ የቋጠሩለትን ቋንጣ በጥርሱ እየጎተተ ፊት ፊት ይሄዳል። መንገዱ ሜዳ ነው፤ ፍሬን የሚያስይዝ ነገር የለም። እኔም ረሳሁት። እንዲህ ያለውን ነገር የሚረሳ ሰው ይኖራል ወይ ብትሉኝ፣ ይኖራል።

ጣርማ በር ስንደርስ ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ አፉን ጉም ሞልቶት አገኘነው። ከዋሻው ወዲያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል። ያኔ ነው የታወሰኝ። ጨርቁን አውጥቼ ከብስክሌቱ አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። ገብረአብ እየሳቀ እጄን ያዘኝ።

“እናቴ በእጇ የቀባችውን? ደብረ ሲና ስንገባ ትጠርገዋለህ።”

መከራከር ነበረብኝ። ቢያንስ ምክንያቱን መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ብስክሌቱ እንደቆመ ፍሬኑን ጨብጬ ገፋ አደረግሁት፤ ያዘ። ቅቤው በብርዱ እንደ ሰም ደርቆ ስለነበር ነው የያዘው። መምህር ወልደተንሣኤም ጉሙ ሳይብስ እንውረድ አሉ። ጨርቁን ወደ ኪሴ መለስኩት።

ከዋሻው ወጥተን ሦስተኛው ጠመዝማዛ እስክንደርስ ደህና ነበር። ከዚያ ቸርኬው በፍትጊያ ጋለ፤ ቅቤውም ቀለጠ። ገብረአብ አጠገቤ ሲያልፍ ፍሬኑን በሁለት እጁ ጨብጦ በጫማው መሬቱን ይፍቅ ነበር።

“አልያዘልኝም፣ ኃይሌ” አለኝ።

አልጮኸም። ጥፋቱ የራሱ ይመስል በሐፍረት ነው ያለኝ። ከታች አንድ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና እያቃሰተ ይወጣ ነበር። ገብረአብ መኪናውን ሸሽቶ ወደ ገደሉ ዞረ።

ያገኘነው ከጥድ ሥር ነው፤ እስትንፋስ አልነበረውም። ብስክሌቱን ሳነሣ ጣቴ ቸርኬውን ነካው። ገና ትኩስ ነበር፤ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ። ሌሎቹ ለጓደኛዬ ያለቀስኩ መሰላቸው። ለእሱም ነበር፤ ይበልጥ ግን ለእናቱ የምነግረውን ስላጣሁ ነው። ያው መኪና ሬሳውንና እኛን ጭኖ ደብረ ብርሃን መለሰን። የአራት ቀኑ ጉዞ በመጀመሪያው ቀን አለቀ።

በሠልስቱ እማማ ባፈና ጠጉራቸውን ተላጭተው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የፍሬኑን ነገር ለማንም አልተናገርኩም፤ ሰው ሁሉ ጉሙን ነው የሚረግመው። አጠገባቸው ስቀመጥ እጄን ያዙኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“ለነፍስ አባቴም ያልነገርኩት ነገር አለ። ቅቤውን ሁሉ አልቀባሁለትም። ግማሹን ለገበያ ብዬ አስቀረሁት። ልጄን የበላው ስስቴ ነው። ሁሉንም ብቀባለት ኖሮ ይደርስ ነበር፣ አይደለም? አንተ ታውቃለህ።”

አውቃለሁ። እውነቱን ብናገር ልጅዎን የገደለው የእጅዎ ቅቤ ነው ማለቴ ነው፤ ዝም ብል ደግሞ ስስቴ ገደለው እንዳሉ መቃብር ይገባሉ። ጥፋቱ የእኔ ነው የሚለውን ቃል ሦስት ቀን ሙሉ ሳሰናዳው ከርሜ ነበር። እሱ ከወጣ ግን የቅቤውም ነገር አብሮ ይወጣል።

“አላነሰውም፣ እማማ” አልኳቸው።

አላመኑኝም። ልታጽናናኝ ነው አሉና ተነሥተው ከአልጋው ሥር የቅቤውን ቅል አወጡ።

“ያንተን ብስክሌት አምጣልኝ” አሉ። “አንተ እንኳ ትረፍልኝ።”

ሄጄ አመጣሁላቸው። የቀረውን ቅቤ አንድም ሳያስተርፉ ሁለቱንም ቸርኬ ቀቡልኝ፤ እኔም መሪውን ይዤ ቆሜ አስቀባሁ። ብስክሌቱን እየገፋሁ ወደ ቤቴ ሄድኩ።