ጉንፋን የያዘው ዘፈን

ሶፋ ሠሪው እቤቱ የሚያለብሰው ሶፋ ላይ የመጨረሻዎቹን ሚስማሮች መትቶ ሳይጨርስ ስልኩ ጮኸ። የደወለው ጆሮ ነበር። ጆሮ የስቱዲዮው ባለቤት ቅጽል ስም ነው፤ ጎረቤት ቤት መርፌ ብትወድቅ ይሰማል ተብሎ የወጣለት።

"ዘፈኑን ልኬልሃለሁ፤ ስማውና ወስን" አለው። "እኔን ከጠየቅከኝ ግን ድምፅህ አልሆነም። እንዳትቀየመኝ፣ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ነው የሚመስለው። የአክስቴ ልጅ ዛሬ ይግባና ይዝፈነው፤ የአንተን አጠፋዋለሁ።"

"ጉንፋን ይዞኝ ነበር እኮ።"

"ታዲያ ዘፈኑ ምን በደለ?"

ሶፋ ሠሪው ሳቀ። የጥርስ ሳቅ ነበር።

ያን ዘፈን ለዓመታት በየደንበኛው ቤት ሶፋ እያለበሰ ሲያንጎራጉረው ኖሯል። ባለፈው ሳምንት የጆሮን ስቱዲዮ ግድግዳ በስፖንጅ ሲሸፍን ሰነበተ፤ የስፖንጁ ብናኝ ጉሮሮው ውስጥ ገባ፣ ጉንፋኑም ተጨመረበት። ሥራው ሲያልቅ ጆሮ "በል፣ በድካምህ አንድ ዘፈን ቅዳ" ብሎ ማይክሮፎን ፊት አቆመው። ራሱ የለጠፈው ስፖንጅ የውጭውን ጫጫታ ሁሉ ውጦ ዝም ሲል የገዛ ልቡ ሲመታ ተሰማው። ፈራ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ያለ አንዳች መሣሪያ፣ "አንቺ... የት ነሽ?" ብሎ ጀመረ። ዘፈኑ የሚጀምረው ባል ከሥራ ሲገባ ሚስቱን ሲጣራ ነው። ከየት እንዳመጣው አያውቅም፤ እሱ እንኳን ሚስት እጮኛም የለው። እንዲያ ያለ ነገር ከእሱ ደረት መውጣቱ እስካሁን ይገርመዋል።

አሁን ያ ሊጠፋ ነው። ጆሮ እውነቱን ነው ብሎ ራሱን አጽናናና፣ ለመጨረሻ ጊዜ ሊሰማው ስልኩን ሶፋው ላይ አስቀምጦ ከፈተው።

"አንቺ... የት ነሽ?"

"አቤት!" አለች እናቱ ከጓዳ።

መዶሻው እጁ ላይ ቀረ። እናቱ እሱ ሲጠራት "ወይ" ነው የምትለው። ጎረቤት ቢጠራት "ወይ"፣ እህቷ ብትጠራት "ወይ"። በዚህ ቤት ውስጥ "አቤት" ስትል ሰምቷት አያውቅም።

እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ብቅ አለች። እሱን አላየችውም፤ ያየችው በሩን ነበር።

"ማን ነው የጠራኝ?"

"ማንም አልጠራሽም እማ። እኔ ነኝ፤ የቀዳሁት ዘፈን ነው።"

"አንተ? ሂድ ከዚህ! የአንተን ድምፅ አላውቅም እንዴ?"

"እውነቴን ነው። ጉንፋን ይዞኝ..."

"እስኪ ድገመው።"

ደገመው። እናቱ ጨርቁ ተለብጦ ያላለቀው ሶፋ ጠርዝ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

"አባትህ" አለች። "ከሥራ ሲመጣ ገና ከበሩ እንዲህ ነበር የሚጣራው። በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። 'አንቺ፣ የት ነሽ?' ብቻ። ማን ነገረህ?"

"ማንም።"

ማንም አልነገረውም። አባቱ የሞተው እሱ ገና ድክ ድክ ሲል ነው። ሁለት ፎቶግራፍ ቀርቶለታል፤ ድምፁን ግን የያዘለት ሰው የለም። ልጅ ሳለ "ድምፁ ምን ይመስል ነበር?" እያለ እናቱን ሲጨቀጭቃት፣ "ድምፅ ምን ተብሎ ይነገራል ልጄ?" ነበር መልሷ። አሁን ያ ድምፅ ከእሱ ጉሮሮ ወጥቶ ቤቱን ሞልቶታል። ሰውነቱን ውርር አደረገው፤ ማልቀስም መሳቅም ቃጣው። አደራ እንደተቀበለ ሰው እጁን ጉሮሮው ላይ አደረገ።

"እሱም ብርድ በመጣ ቁጥር ጉንፋን አይለቀውም ነበር" አለች እናቱ። እየሳቀች ነበር፤ እንባዋ ግን ይወርዳል።

ስልኩ እንደገና ጮኸ።

"የአክስቴ ልጅ መጥቷል" አለ ጆሮ። "ላጥፋው?"

"እንዳትነካው።"

"በቃ እንደዚሁ ይውጣ ነው የምትለው? ቢያንስ ጉንፋኑን በማሽን ላለስልስልህ።"

ሶፋ ሠሪው እናቱን አየ። ዓይኗን ከበሩ ላይ አላነሳችም።

"ጉንፋኑንም እንዳትነካው" አለ።