የጠባቂዎቻችን ሕግ

ሕጉን በቃላችን እናውቀዋለን። ባለ ሰማያዊ ቆቦቹ የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች ራሳቸው ካልተጠቁ በቀር አይተኩሱም፤ ለሌላው ነገር ሁሉ ከጁባ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ሦስት ዓመት በመጠለያው አጥር ውስጥ ስንኖር ከዚህ የበለጠ ያጠናነው ነገር የለም።

ወንዶቻችን ከአጥሩ ውልፍት አይሉም። ግንባራቸው ላይ ያለው የኑዌር ጠባሳ ማን እንደሆኑ ስለሚናገር ውጭ ከተገኙ የሌላው ወገን ታጣቂዎች ይገድሏቸዋል። እንጨት የምንለቅመው እኛ ሴቶች ነን። ማክሰኞና ዓርብ አንድ የወታደሮቹ ብረት ለበስ መኪና ከኋላ ከኋላችን ይከተለናል።

የዚያን ዓርብ ታጣቂዎቹ ከሣሩ ውስጥ ብድግ ሲሉ እኔ መኪናው አጠገብ ነበርኩ። ልጄ ኛፑካ ግን ራቅ ብላ ነበር። አራት ሆነው ያዟት።

«ጋትሉአክ!» አልኩት አስተርጓሚውን፤ የኛው ልጅ ነው። «ለአለቃቸው ንገረው እንጂ! ልጄን ሊወስዷት ነው!»

የወታደሮቹ መቶ አለቃ በሬዲዮ ያወራ ነበር።

«ፈቃድ ጠይቋል፣ የኛፑካ እናት። ትንሽ ታገሺ ይልሻል።»

«እስክትወልድላቸው ነው የምታገሠው?»

ኛፑካ እየጠራችኝ ትጎተታለች። ያኔ ነው ብልሃት የመጣልኝ። ካልተጠቁ አይተኩሱም አይደል? እንግዲያው ላጥቃቸው! በመጥረቢያዬ የመኪናውን መብራት አደቀቅኩት፤ ሁለተኛውንም ደገምኩት። ከፈለጉ እኔኑ ይምቱኝ፤ ብቻ ተኩስ ይሰማ። ተኩስ ከተሰማ ታጣቂዎቹ ልጄን ጥለው ይሸሻሉ ብዬ ነው።

«ተጠቅተናል!» ብሎ መቶ አለቃው በሬዲዮው ጮኸ። ይህቺን ቃል በቋንቋቸውም እናውቃታለን። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ።

በዚህ ጊዜ መልሱ አልዘገየም። ወታደሮቹ ጋትሉአክን ጎትተው አስገቡትና ሞተሩ ተነሣ።

«ሊተኩሱ ነው?» ብዬ ጮህኩ።

በጠባቧ መስኮት ፊቱን አየሁት። ያለቅሳል።

«ከተጠቃችሁ ወደ ካምፕ ተመለሱ ተብለዋል! ሩጪ፣ እናቴ!»

መኪናው ዞሮ ሄደ። ከታጣቂዎቹ ሁለቱ እየሳቁ ወደ እኔ መምጣት ጀመሩ። ሮጥኩ። እግሬ የወሰደኝ ግን ወደ ልጄ አልነበረም፤ ከመኪናው ኋላ፣ ወደ አጥሩ ነበር።