በዓለም ላይ የሌለ ፓምፕ

በፈረንሳይ ሬን ከተማ ባለው ቤተ ሙከራ፣ ኮምፒውተሩ የሒሳብ ማረጋገጫውን የተቀበለለት ሰው ለሁሉም የቅቤ ኬክ ይገዛል። የዶክትሬት ተማሪዋ ማዬልም ገዝታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለች፤ ልቧ ግን አልረጋ ብሏታል። ለበሽተኛ በደም ሥር መድኃኒት የሚሰጠው ፓምፕ ከልኩ አሳልፎ እንደማይሰጥ በሒሳብ ለማረጋገጥ ዓመታት ደክማለች። እስከ ትናንት እምቢ ሲላት የኖረው ኮምፒውተር ዛሬ ጠዋት ወዲያው እሺ አለ።

“ምነው፣ ለቅሶ ቤት የመጣሽ መሰልሽ?” አላት አብሯት የሚያጠናው ኮራንታን። “የመመረቂያ ጽሑፍሽን የምትከላከዪበት ዲፌንስ በሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ እናትሽም ከብሬስት የባቡር ትኬት ቆርጠዋል።”

“በጣም ቶሎ እሺ አለኝ።”

“እምቢ ሲልሽ ታኮርፊያለሽ፣ እሺ ሲልሽ ታኮርፊያለሽ። ምን ዓይነት ባል ነው የሚስማማሽ?”

አማካሪያቸው ማዳም ኦዲል ቢላዋ ይዘው ገቡ። “ፓምፑን ለሚሠራው ፋብሪካ ማረጋገጫው አለቀ ብያቸዋለሁ። ሰኞ ለሆስፒታሎች ያስረክባሉ። በይ ልጄ፣ ቁረጪ።”

“ትንሽ ይታገሱኝ፣ ማዳም።”

ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ከማረጋገጫዋ ግርጌ “ዜሮ ከአንድ ጋር እኩል ነው” ብላ ጻፈችና ከዚያው ከማረጋገጫዋ መነሻ ሐሳቦች ተነስቶ ይህንንም እንዲያረጋግጥላት ጠየቀችው።

ተቀበላት።

የኮራንታን ሳቅ ከፊቱ ጠፋ። ማዬል መነሻ ሐሳቦቿን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። አንደኛው መስመር ፓምፑ ሲነሳ ፍጥነቱ ዜሮ ነው ይላል፤ ትናንት የጨመረችው ደግሞ ፍጥነቱ መቼም ዜሮ አይሆንም ይላል። እርስ በርሱ ከሚጣላ መነሻ የማይረጋገጥ ነገር የለም፤ ሐሰቱም ጭምር።

“በዓለም ላይ ስለሌለ ፓምፕ ነው ያረጋገጥኩት” አለች።

“ማንም አላየ” አለ ኮራንታን ቀስ ብሎ። “ከዲፌንሱ በኋላ ብታስተካክዪውስ?”

ማዬል የትናንቱን መስመር ሰረዘችና ማረጋገጫውን እንደገና አስነሳችው። ኮምፒውተሩ የመድኃኒቱ ከረጢት የሚቀየርበት ቦታ ላይ ሲደርስ እምቢ ብሎ ቆመ፤ መስመሩ ቀላ።

“ፓምፑ እዚህ ጋ ስሕተት ይኑረው አይኑረው አላውቅም” አለች። “ሰኞ ግን የሰው ክንድ ላይ ይሰካል።”

ማዳም ኦዲል ቢላዋውን አስቀመጡ። “አለቀ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ለፋብሪካው እኔ እደውላለሁ። አንቺ ለእናትሽ ደውዪ።”

ኮራንታን ኬኩን መልሶ በወረቀቱ ሸፈነው።

“ትኬቱን መልሺው፣ እማዬ” አለች ማዬል በስልክ።

“ወደቅሽ እንዴ?”

“አልወደቅሁም። አልጨረስኩም” አለች ማዬል። ዓይኗ ከቀዩ መስመር አልተነሣም፤ በስልኩ ወዲያ ማዶ እናቷ ገና እየጠየቁ፣ ነፃው እጇ መጻፍ ጀምሮ ነበር።