ነብር አራስ ቤት አይገባም

"እዚሁ ይብቃሽ፣ የዋንቲንግ እናት" አሉ የወላዷ አማት ወይዘሮ ገንግ፣ የሆስፒታሉን ክፍል በር በጀርባቸው ገፋ አድርገው እየዘጉ። "ሾርባውን እኔ አስገባላታለሁ።"

ሹፌን ፔርሙሱን እንዳቀፈች ቆመች። አሳንሰሩን መጠበቅ አቅቷት አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ስለወጣች ትንፋሿ ገና አልተመለሰም። ልጇ የተገላገለችው ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ለእሷ የተደወለላት ግን ሦስት ሰዓት ላይ ነበር።

"እጄን ታጥቤአለሁ፣ እትዬ ገንግ። ጉንፋንም የለብኝም። አንድ ጊዜ አይቻት ልውጣ።"

"የጉንፋን ነገር አይደለም።" ወይዘሮ ገንግ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እንዳትቀየሚኝ ብቻ። ኮከብ አስቆጥሬ ነው። ሕፃኗ የእባብ ዓመት ልጅ ናት፣ አንቺ የነብር። አይስማሙም፣ ይጎዳዳሉ አለኝ ቆጣሪው። እሱ ባይለውስ? ነብር አራስ ቤት እንደማይገባ የማያውቅ አለ? አንድ ወር ነው እንግዲህ። ሲሞላት እንደ ልብሽ ታቅፊያታለሽ።"

ከበሩ ወዲያ ሕፃኗ አለቀሰች። ሹፌን ሳታስበው ጆሮዋን አቀናች። የረሃብ ለቅሶ አይደለም፤ አየር ሆዷን ነፍቷታል። ቀጥ አድርጎ ትከሻ ላይ ማስደገፍ፣ ጀርባዋን ከታች ወደ ላይ ማሸት ነው። ይህን ለማወቅ ማየት እንኳ አያስፈልጋትም።

እንጀራዋ ነው። ሉዎያንግ ከተማ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አራስ ስታርስ ኖራለች፤ በአንድ ቤት ሃያ ስድስት ቀን፣ ከዚያ ወደ ሌላው። እስከ ዛሬ ስድሳ ሦስት ሕፃን አጥባለች። ሥራውን ልትጀምር ስትመጣ የአስቀጣሪ ቢሮው ባለቤት ፓንግ በየዓመቱ ከሚፈራረቁት አሥራ ሁለት እንስሳት የእሷን ቅጿ ላይ አይታ ሳቀች። "በነብር ዓመት የተወለደች ሴት ማን አራስ ቤት ያስገባል? ጥንቸል በይ። ጥንቸል ከነብር ቀጥሎ ነው፤ በአንድ ዓመት ብታንሺ ደግሞ ለሴት ልጅ ኪሳራ የለውም።"

ከዚያ ወዲህ ሹፌን ጥንቸል ናት። ቀጣሪዎቿ "እጇ እንዴት ይለሰልሳል! ጥንቸል እኮ እንዲህ ናት፣ ገር ናት፣ ጠብ አትወድም" እያሉ ለጎረቤት ሲያወሩ መጀመሪያ በሆዷ ትስቅ ነበር። ኋላ ኋላ ግን ረገጥ አድርጋ መሄድ ተወች። የሚያናግራት ነገር ሲገጥማት ምራቋን ዋጥ አድርጋ ማለፍ ለመደች። ከነብሯና ከጥንቸሏ የትኛዋ እንደሆነች ራሷን መጠየቅ ካቆመችም ቆይታለች። ዛሬም ከወንዙ ማዶ መንታ ከወለደች ሴት ቤት የሁለት ሰዓት ፈቃድ ተቀብላ ነው የመጣችው።

የልጇ ባል ቦወን በሩን ከፍቶ ወጣ። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም፤ ዓይኑ ቀልቷል።

"እማማ፣ እኔ እንኳ በዚህ ነገር አላምንም" አለ። "ግን እናቴ ይህን ያህል ከተጨነቀች…"

"ዋንቲንግስ ምን አለች?"

ቦወን ጫማውን ማየት ጀመረ። "እሷው ትንገርዎት" ብሎ ስልኩን አውጥቶ ደወለና ሰጣት። የዋንቲንግ ስልክ ከበሩ ወዲያ ሲጮህ ሹፌን ሰማችው። ከልጇ የሚለያት አሥር እርምጃ ቢሆን ነው።

"እማ።"

"እንኳን በሰላም ተገላገልሽ፣ የኔ ልጅ። አመመሽ?"

"ስፌቱ ያመኛል። እማ… ዛሬ አትግቢ።"

"አማትሽ ናቸው እንዲህ በይ ያሉሽ?"

"እኔው ነኝ። ዓመትሽንም የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ሲጠይቁኝ ምን ልበል?"

"ጥንቸል ብትያቸው ምን ነበረበት? እኔ ለስንቱ ሰው ብያለሁ!"

"ልጅቷ አንድ ነገር ብትሆን ዕድሜ ልኬን የሚወቅሱት እኔን ነው። ደግሞ አንቺም ታውቂያለሽ… አያቴ ትል የነበረውን። አባዬም እኮ…"

አልጨረሰችውም። መጨረስም አላስፈለጋትም።

ባሏ የጡብ መኪና ተገልብጦበት ሲሞት ዋንቲንግ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። ሹፌን ልጇን ለአማቷ ትታ ደቡብ ወርዳ በጫማ ፋብሪካ ስድስት ዓመት ሰፋች፤ ሶል ስትወጋ ጣቷ እየደማ የላከችው ገንዘብ ነው ልጅቱን ያስተማራት። በዚያ ስድስት ዓመት ውስጥ አያትየዋ የልጅቱን ፀጉር በጎነጎነች ቁጥር "እናትሽ ነብር ናት፤ ልጄን የበላችው እሷ ናት" ትላት እንደነበር ሹፌን ኋላ ሰምታለች። ልጅ ነች፣ ረስታዋለች ብላ ነበር።

ስልኩን ለቦወን መለሰችለት።

በሩ እንደገና ተከፈተና ሰማያዊ ሽርጥ የታጠቀች ሴት ባዶ ቴርሞስ ይዛ ወጣች። ሁለቱ ሴቶች ፊት ለፊት ተያዩ። ሴትዮዋ ክው ብላ ቀረች።

ዩዌሜይ ናት። ሁለቱ ሥልጠና የወሰዱት አንድ ላይ ነው፤ በአንድ አልጋ እግርና ራስ ሆነው አርባ ቀን ተኝተዋል። የተወለዱትም በአንድ ዓመት፣ በዚያው በነብር ዓመት ነው። "ጥንቸል አንቺ ወሰድሽው፤ እኔስ ምን ልሁን?" ብላ ዩዌሜይ በጠየቀቻት ጊዜ "በሬ በይ፣ በሬ ይወዳሉ" ያለቻት ራሷ ሹፌን ነበረች።

"ይቺ ናት አራስ ጠባቂዋ" አሉ ወይዘሮ ገንግ፣ የገዙትን ዕቃ እንደሚያሳይ ሰው። "እባብ ከበሬ ጋር ይስማማል ስላለኝ ሦስት ቢሮ ዞሬ በሬ ፈልጌ አመጣሁ። ሌሊት በምጡ፣ ከነጋ በሕፃኗ ስትታገል አንዴ ፊቷ አልጠቆረም። በሬ ታጋሽ ነው። የነብር እጅ ግን ከባድ ነው፣ እህቴ። ጥፋትሽ አይደለም፣ አፈጣጠር ነው። ጠንካራ ባትሆኚ ባል ቀብረሽ ብቻሽን ልጅ ታሳድጊ ነበር?"

ሹፌን አፏን ከፈተች። አንድ ቃል ይበቃል። ያንን ቃል ብትናገር እኚህ ሴትዮ ከንጋት ጀምሮ የልጅ ልጃቸውን ያቀፈች ነብር ሲያመሰግኑ እንደቆዩ ያውቃሉ፤ ምን እንደሚሆኑ ለማየት ጓጓች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዩዌሜይ ግን በዓይኗ እንኳ አልለመነቻትም፤ ቴርሞሱን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወለሉን እያየች ትጠብቅ ነበር። ወገቡ ተሰብሮ አልጋ ላይ የዋለ ባል አላት።

"ጥሩ ሰው አግኝተዋል" አለች ሹፌን። ፔርሙሱን ለወይዘሮ ገንግ ሰጠቻቸውና ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ ሄደች።

ዩዌሜይ የፈላ ውሃ መቅጃው ክፍል ውስጥ ደረሰችባት።

"ለምን አልተናገርሽም?" አለቻት በሹክሹክታ። "እኔ ብሆን እናገር ነበር።"

"ትናገሪ ነበር?"

ዩዌሜይ ቧንቧውን ከፈተች። ቴርሞሱን ከስሩ ደገነች። "እንጃ" አለች። "የአንቺ ልጅ መሆኗን በነፍሴ አላወቅሁም። ቢሮው የሰጠኝ የባሏን ቤተሰብ ስም ብቻ ነው። ስሚኝ፣ ሴትየዋ ለእንግዳ የሚታደለውን ቀይ እንቁላል ልታዝዝ ወደ ታች ልትወርድ ነው። ልጇም አብሯት ይሄዳል። ልጅሽን እንቅልፍ ወስዷታል። ነይ ግቢ። ማንም ሳያይ ታቅፊያትና ትወጪያለሽ።"

"ማንን ትመስላለች?"

"አገጯ ያንቺ ነው። ነይና እዪያት እንጂ!"

ሹፌን ተመልሳ በሩ ድረስ ሄደች። ወይዘሮ ገንግና ቦወን አሳንሰሩ ውስጥ ገብተዋል። በሩ አንድ ስንዝር ያህል ተከፍቷል፤ በዚያ በኩል የአልጋው እግርና የልጇ ቀኝ እግር ይታያል፣ ወፍራም ካልሲ አጥልቃለች። ጎኗ ያለውን የሕፃን አልጋ ግድግዳው ከልሎታል። አንድ እርምጃ ብትራመድ ታየዋለች። ዩዌሜይ ከኋላዋ ጀርባዋን በእጇ ገፋ አደረገቻት።

"ነቅታ ግቢ ብላኝ ቢሆን" አለች ሹፌን። "ተኝታማ አልገባም። ልጄ ክፍል ሌባ ሆኜ አልገባም።"

"ሹፌን፣ እልህ ነው ይሄ።"

"ይሁን። ካጠባቻት በኋላ ግራ ትከሻሽ ላይ ቀጥ አድርገሽ ያዢያት። አየር ይዟታል። እናቷም እንደዚሁ ነበረች።"

በደረጃው ወረደች። ውጭ ነፋስ ነበር፤ የአውቶቡስ መቆሚያው ስር ሰዎች ተጠጋግተው ቆመዋል። ከመካከላቸው አንዲት ወጣት እናት ሹፌን አጠገቧ ስትቆም ሕፃኑን በብርድ ልብስ ሸፈነችው፤ ለነፋሱ ነው። ሹፌን ግን ለነፋሱ መሆኑን እያወቀች ሁለት እርምጃ ራቀችላት።

አውቶቡሱ ሳይመጣ ስልኳ ጮኸ። ፓንግ ናት።

"እንኳን ደስ ያለሽ አያቴ!" አለች እየሳቀች። "ወንድ ነው ሴት?"

"ሴት ናት።"

"ተባረኪ። እንግዲህ ዛሬ ስለ ሥራ ላወራሽ እንደማይገባ አውቃለሁ፣ ግን ሰው ስላጣሁ ነው። ዠንግዦው ከተማ ውስጥ ሀብታም ቤት አለ፣ አርባ ሁለት ቀን ነው የሚፈልጉት። ዝምተኛ፣ ገር የሆነች ሴት አምጪልኝ አሉኝ፤ ጥንቸል ብትሆን ደስ ይለናል ብለዋል። ሳቅሁ ስልሽ! የሚጀምረው ግን ልክ ከዛሬ በሃያ ስምንተኛው ቀን ነው። የልጅሽ ልጅ ወር የሚሞላባት ጊዜ ላይ ወደቀብሽ። አንቺ ደግሞ ያን ሳምንት ባዶ ተዪልኝ ብለሽ ከአምስት ወር በፊት አስመዝግበሻል፤ ጠረጴዛዬ ላይ በቀይ አክብቤዋለሁ። በወሩ ድግስ የክብር ወንበሩ ላይ እኮ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ፣ አያትየዋ። ሌላ ሰው ልፈልግ?"

አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ። ሹፌን ሰው ሁሉ እስኪገባ ጠበቀች፣ ከዚያ ተሳፍራ ከሹፌሩ ኋላ ያለውን ብረት ያዘች።

"ሹፌን? ትሰሚኛለሽ? ያ ሳምንት ባዶ እንደሆነ ይቆይ ወይ?"

"አይቆይ" አለች ሹፌን። "እኔን ጻፊበት።"